መብራት የጠፋበት ስምንተኛ ክፍል

ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሩሃማ ፀጋዘአብ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ስለ ጤንነቴ እንዳልጠየቅሽ አውቃለሁ፤ ደብዳቤ ሲጻፍ መባል ያለበት ነገር ስለሆነ ነው ያልኩት። ስልኬን ብሎክ ስላደረግሽው በወረቀት መጣሁ። ፖስታን ብሎክ ማድረጊያ እስከ ዛሬ አልተሠራም።

በስልኳ የላክሽላትን ክስሽን የምሥራች አነበበችልኝ፤ ከእኔ በር ፊት ለፊት የምትኖረዋ። ኮሪደር ላይ ቆማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስታነብ ቆየችና «አቶ ተሻገር» የሚለው ጋ ስትደርስ ጎረቤቱ ሁሉ እስኪሰማ ከፍ አደረገችው። ትከሻዬ ላይ ተቀምጣ፣ ጆሮዬን መሪ አድርጋ ስትነዳኝ የኖረች ልጅ «አቶ» ካለችኝ ጠበቃ ይዛለች ማለት ነው። ጠበቃውን ሰላም በይልኝ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። አዎ፣ ብሉር ጎዳና ባለው ምግብ ቤት መስታወት ላይ የተለጠፈው ፎቶ የአባትሽ ነው። አዎ፣ ግንባሩን ቋጥሮ ጣቱን የቀሰረበት ነው። ከሥሩ «ሦስተኛው ተከራይ፣ የተረሳው ድራማ፤ የጥር የመጨረሻው ቅዳሜ» ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ጥር ሙት ዓመቱ ነው። ሌላው ሰው ለወንድሙ ድግስ ይደግሳል፤ እኔ ድራማውን አወጣለታለሁ።

አንቺ ዘንድ የደረሰው የፖስተሩ ፎቶ ብቻ ስለሆነ የቀረውን ልንገርሽ። በወር አንድ ቅዳሜ ሕንፃችን ሥር ያለችውን፣ ፓርቲ ሩም የሚሏትን የድግስ ክፍል እይዝና ማንም ያላየውን፣ ወይም አይቶ የረሳውን ነገር አሳያለሁ። ባለፈው ወር ያሳየሁት ስለ አንድ በረዶ ጠራጊ መኪና ሹፌር የተሠራ የካናዳ ድራማ ነው፤ ስድስት ክፍል ታይቶ የተቋረጠ። ሰውየው በስድስቱም ክፍል ከመኪናው የሚወርደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ የማይሰሙ እናቶች ሳይቀሩ ለምን እንደሚወርድ ካላየን ብለው እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። ስለ ፊልም የተማርኩት በምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ነው፣ መኪና እስኪመጣ በትንሿ ቴሌቪዥን። ዲግሪ ባይኖረኝም ዓይን አለኝ፤ ይህ ዓይን ደግሞ ከወንድሜ የተሻለ ተዋናይ እስካሁን አላየም።

«ሦስተኛው ተከራይ»ን ግን ማሳየት አልችልም፤ የምተርከው ነው። በእጄ ያለው ቴፕ አንድ ብቻ ነው፣ የመጨረሻው፣ ስምንተኛው ክፍል። እዚህ ያለ ማሽን አያጫውተውም። የሚያጫውተው ሳሎናችሁ ውስጥ ቁም ሣጥኑ ላይ የተቀመጠው የአባትሽ የቪዲዮ ዴክ ነው። እሱን ላኪልኝ፤ ፖስተሩን ያን ቀን አነሳለሁ።

«ለቀብሩ ያልመጣ ሰው» ብለሽኛል። ወንድሜ መሞቱን የሰማሁት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ቆሜ ነው። አንድ የማላውቀው ሰው ፌስቡክ ላይ ፎቶው ሥር «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፎ። መርዶ የሚረዳው በማለዳ ሰው መጥቶ፣ በር አንኳኩቶ፣ ቁጭ አድርጎ ነው። እኔን ያረዳኝ ስልኬ ነው። በዚህ ላይ ቀልድ አልጨምርም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ላቁም።

አጎትሽ፣
አቶ ተሻገር


አዲስ አበባ፣ ጉለሌ
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አቶ ተሻገር፣

ጠበቃ የለኝም። ሰላምታም ለእርስዎ አልጻፍኩም።

በመርዶው ልጀምር፤ እንደ ሌላው ነገር ሁሉ እሱንም ለራስዎ በሚመች መንገድ ይዘውታልና። አባዬ ባረፈ ዕለት መጀመሪያ የደወልኩት ለየምሥራች ነው። ከሰዎች ጋር ሆና በማለዳ በርዎ ድረስ እንድትመጣ ለመንኳት። አቅም አጣች፤ እስክትበረታ እርስዎ ስልክዎን ከፈቱ። ደውለው «ለምን?» ብለው ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር። እርስዎ ግን የደወሉት ለመስደብ ነው።

ወደ ድራማዎ። እርስዎ ድራማው እንዳለቀ አገር ለቀው ሄዱ። እኛ ቀረን። አከራዩ አቶ መንበሩ ሆኖ አባዬ የመበለቲቱን ዕቃ ዝናብ ላይ ሲወረውር፣ ድስቷን ደግሞ «ይህ እዚህ ይቀራል» ብሎ ሲነጥቃት ሰፈሩ በሙሉ አየ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ስገባ ልጆቹ ተሰልፈው «ድስቱን መልሺ» አሉኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሃይስኩል ስጨርስም ስሜ «ድስት መልሺ» ነበር። ባለሱቁ ለአባዬ ዳቦ አልሸጥም ብሎታል። ሴቶች ሲያልፍ መንገድ ይሻገሩ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያሠራው ሰው የለም። እርስዎ «የተረሳ» ይሉታል። እዚህ የረሳው አንድ ሰው ያምጡልኝ።

ስምንተኛ ክፍል የሚባል ነገር የለም። ድራማው በሰባት አልቋል። ከሰፈራችን ስምንተኛውን ያየ ሰው ካለ ስሙን ይጻፉልኝ። አባዬም አንድ ቀን ስለሱ ነግሮኝ አያውቅም።

ስለ ወንድምዎ ይህን ያህል የሚያውቁ ከሆነ ደግሞ ይህንንም ያውቃሉ። በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ እሑድ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ከጉለሌ ሳሪስ ድረስ ይሄድ ነበር። ቤት ውስጥ የማናየው ፈገግታ ይዞ ይመለሳል። እናቴ እስክትሞት ሴትየዋ ማን እንደሆነች አልጠየቀችውም። እኔም አልጠየቅሁም። እርስዎ ግን ያውቋታል። በስልክ «ሳሪስ ሄድክ ወይ?» እያሉት አብራችሁ ስትስቁ ሰምቻለሁ።

ዴኩን አልልክም። ሰፈሩ ሊፈርስ ስለሆነ መጋቢት ላይ ቤቱን እናስረክባለን፤ ወደ ኮንዶሚኒየም ከምወስደው ዕቃ ውስጥ እሱ የለበትም። ቆራሌው በየሳምንቱ በበራችን ያልፋል።

ፖስተሩን ያንሱ።

ሩሃማ


ቶሮንቶ
ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሩሃማ፣ የቆራሌው ወዳጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ዴኩስ እንደምን ሰነበተ? ከሁለታችሁ ስለ አንደኛችሁ አብልጬ መጨነቄን አልደብቅሽም።

ደብዳቤሽ እንደ ደረሰኝ ቴፑን በሹራብ ጠቅልዬ አውቶቡስ ተሳፍሬ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር ሄድኩ። አብዱልቃድር የሚባል አሮጌ ማሽን የሚጠግን ሰው አለ። የሁሉንም አገር ቴፕ የሚያነብ ማሽን አለው። አስገባው፤ ጥቂት ሰከንድ አየና አወጣው።

«ይህን የቀዳው ማሽን ጭንቅላቱ ዘንበል ያለ ነው» አለኝ። «ሌላ ላይ ጭረት ብቻ ነው የሚታይህ። ጠማማ ሆኖ የጻፈውን አቃንቶ የሚያነበው ራሱ ብቻ ነው።»

«የቤተሰባችን ማሽን ነው» አልኩት።

«ታዲያ የት አለ?»

«የምትጠላኝ ልጅ ጋ።»

«ታረቃት።»

«መጀመሪያ እሷ ትታረቀኝ።»

«ቴፑም ይህን እየሰማ ያረጃል» አለና ሹራቤን መለሰልኝ።

እንግዲህ ይህ ነው ሁኔታው። ዴኩን ለቆራሌው የሰጠሽ ዕለት ቴፑም ሞተ። አባትሽ ደግሞ እስከ ዓለም መጨረሻ ድረስ ድስት እንደያዘ ይቀራል።

አሁን ጥያቄሽን ልመልስ። ከሰፈራችሁ ስምንተኛውን ያየ ሰው ስም አምጣ ብለሻል። ማንም የለም። አንድም ሰው። ለምን እንደሆነ ግን እናንተ ልጆች ስለነበራችሁ አታስታውሱትም። ያን ዓመት ክረምት ሳይገባ መብራት በፈረቃ ሆነ። እሑድ የእናንተ በኩል ጨለማ፣ የሳሪስ በኩል ብርሃን። ሰባቱ ክፍሎች የታዩት ፈረቃው ከመጀመሩ በፊት ነው። ስምንተኛው የወደቀው የፈረቃው የመጀመሪያ እሑድ ላይ ነው። የከተማው ግማሽ መንበሩን ሲጠላ ቀረ፤ ግማሹ መጨረሻውን አየ። አባትሽ የሚኖረው ደግሞ በጠላው ግማሽ ውስጥ ነበር።

እኔና እሱ ልንቀዳው ዴኩን በፎጣ ጠቅልለን በታክሲ ሳሪስ ወረድን። ኢሳያስ የሚባል ፀጉር ቆራጭ ወዳጄ ሱቁ ውስጥ ቴሌቪዥን ነበረው። አባትሽ ራሱን ያየው እዚያ፣ አንገታቸው ላይ ፎጣ ካንጠለጠሉ ሰዎች ጋር ተቀምጦ ነው። ሲያልቅ ሁሉም ተነሱለት። በሳምንቱ እኔ ወደ ካናዳ በረርኩ። «ቴፑን ይዘኸው ሂድ፤ እዚህ መደገሙ አይቀርም» አለኝ። አልተደገመም። ልመልስልህ ስለው «ያላየ አላየም። ቴፕ ተሸክሜ በር ለበር ምሕረት ልለምን?» አለ። ለእናትሽ አንድ ጊዜ ነግሯት ነበር። «በመጨረሻው ጥሩ ሰው ሆንክ በለኛ» ብላ ሳቀችበት። ከዚያ ወዲያ አላነሳውም።

የሳሪሷ ሴትሽ ኢሳያስ ነው። ጢም አለው። ወንድሜ ከተማ አቋርጦ የሚሄደው ፀጉሩን ሊቆረጥ ነበር፤ ሲገባ ሰዎች የሚነሱለት አንድ ቦታ ያ ስለነበረ። ሲመለስ ፀጉሩን ያየለት ሰው እቤታችሁ አልነበረም?

መጨረሻውም እንዲህ ነው። መንበሩን የገዛ ልጆቹ አባረውታል። ጥቅሉን ይዞ ዝናብ ላይ የሚከራይ ክፍል ፍለጋ ይዞራል። አንድ በር ያንኳኳል፤ የመበለቲቱ ነው። በሩ ይከፈታል። «ይግቡ» ትለዋለች። ባርኔጣውን ያወልቃል፤ አንዲት ቃል አይናገርም። ሌላ ተዋናይ ቢሆን ያለቅስ ነበር። ወንድሜ ባርኔጣውን ብቻ ያዘ።

አጎትሽ


አዲስ አበባ
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አቶ ተሻገር፣

ፀጉር ቆራጭ። ከሃያ ዓመት በላይ አስበው ያመጡት ይህ ነው?

እርስዎ ሲተርኩ ያምርብዎታል። በልጅነቴ በሚነግሩኝ ተረት ውስጥ ጅቡ እንኳ መጨረሻ ላይ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። ከሌላ ሰው ስሰማው ጅቡ በጓን በልቶ ይሄዳል። በእርስዎ አፍ በሮች ሁሉ ይከፈታሉ። ስለዚህ «በሩ ይከፈታል» ሲሉኝ ማን እንደሚናገር አውቃለሁ።

ስለ ፀጉሩ። ሁልጊዜ ተቆርጦ ነበር የሚመለሰው፤ እውነት ነው። ሴት ጋ የሚሄድ ወንድም ፀጉሩን ይቆረጣል።

ዴኩ አሁንም አለ። ስላመንኩዎት አይመስልዎ። ውሸትዎን በዓይኔ አይቼ ልገላገል ብዬ ነው። ቴፑን ይላኩ። ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ቤቱም ዴኩም አይኖሩም። ቴፑ ላይ እርስዎ ያሉት መጨረሻ ከሌለ ግን እዚያው ፓርቲ ሩም ውስጥ ቆመው ዋሽቻለሁ ይላሉ። የምሥራች ቪዲዮ ቀርጻ ትልክልኛለች።

ሩሃማ


ቶሮንቶ
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሩሃማ፣

ቴፑን የምሥራች ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይዛልሽ ትመጣለች። ሻንጣ ውስጥ እንዳታስገባው አስምዬአታለሁ፤ ሙሉውን መንገድ ጭኗ ላይ ነው የሚቀመጠው። አንቺን ግን አላመንኩሽም። ያመንኩት ቆራሌው ገና አለመምጣቱን ነው።

የሚከተለውን በጥሞና አንብቢ፤ ለአንዴም ቢሆን የአጎትሽን ቃል አክብሪ። ዴኩን ክፈቺና ጭንቅላቱን አልኮል በነካው ንጹሕ ጨርቅ ጥረጊው። በመጀመሪያ ሌላ የማትፈልጊውን ቴፕ አስገብተሽ ሞክሪ። የእኔን ካስገባሽ በኋላ መሃል ላይ አታቁሚው። እዚህ እንደመጣሁ የገዛሁት ማሽን የሠርግ ቴፔን የበላው መሃል ላይ ሳቆመው ነው፤ ሙሽራዋ እጇን ለቀለበት እንደዘረጋች ቀረች፤ ትዳሩም እንደዚያው ቀረ። ይህኛው ከተበላ ወንድሜን ሁለተኛ ጊዜ ቀበርሽው ማለት ነው። ያኔም በፌስቡክ አሳውቂኝ።

ቅዳሜውን ስለ ጠየቅሽ፣ ወይም ስላልጠየቅሽ፣ ልንገርሽ። ሰው ሞልቶ ነበር። ፖስተሩን አላነሳሁም። ስምንቱንም ክፍል ቆሜ ተረክሁ፤ አባትሽን ሆኜ፣ መበለቲቱን ሆኜ፣ ዝናቡንም ጠረጴዛ እየመታሁ። ኩልሱም የምትባል ጎረቤታችን ሰባተኛው ላይ ተነስታ «ይህን ሰው ለምን ታሞግሰዋለህ?» አለችኝ። «ቁጭ በይ፤ አልጨረስኩም» አልኳት። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ሀሴት ደግሞ በእንግሊዝኛ «ለምን በቃ ይቅርታ አይልም?» ብላ ጠየቀች። «ባርኔጣውን አወለቀ እኮ» አልኳት። ያ ይቅርታ እንደሆነ አልገባትም። አንቺ ግን ይገባሻል፤ ከዚያ ቤት ነው የወጣሽው፤ እቤታችሁ ይቅርታ በቃል ተብሎ አያውቅም።

ቴፑን እንዳየሽ መልሺልኝ። የእኔ ነው፤ በእጁ ነው የሰጠኝ።

አጎትሽ


አዲስ አበባ
መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

አቶ ተሻገር፣

ቴፑ አልተበላም። እንዳሉት ጠርጌ፣ እንዳሉት በሌላ ሞክሬ፣ መሃል ላይ ሳላቆም አየሁት። ከቁም ሣጥኑ በቀር ሳሎኑ ባዶ ነበር። መሬት ላይ ተቀምጬ ነው ያየሁት።

ስምንተኛ ክፍል አለ። እሱን አልዋሹም።

በሩ ግን አይከፈትም።

አባዬ ያንኳኳል። መበለቲቱ በስንጥቁ ታየዋለች። ፊቷን እናያለን፤ ከዚያ መቀርቀሪያው ሲገባ ይሰማል። «ይግቡ» የሚል ሰው የለም። ባርኔጣም አያወልቅም፤ ባርኔጣ የለውም፣ ራሱ በዝናብ ረጥቧል። ይቆማል። ረጅም ጊዜ ይቆማል። ከበሯ በላይ ያለው ቆርቆሮ ተቀዶ ደረጃው ላይ ያፈሳል። ቀና ብሎ ያየዋል። ከዚያ ቁጢጥ ይልና ጥቅሉን ይፈታል። ከውስጡ ድስቱን ያወጣል። ያን ድስት። ጠብታው ከሚወርድበት ሥር ያስቀምጠዋል፤ ትንሽ ወደ ግራ ይገፋዋል፤ ይነሳና ይሄዳል። የሠሩት ሰዎች ስም ሲያልፍ ሙዚቃ የለም። ውሃው ድስቱ ውስጥ ሲጠባጠብ ብቻ ነው የሚሰማው።

ድስቱን መልሶት ነበር። ሃይስኩል እስክጨርስ «መልሺ» ሲሉኝ፣ መልሶት ነበር። እርስዎ ሙሉውን ሲተርኩ ድስቱን እንዴት ረሱት?

መልሱን ሳሪስ አገኘሁት። እሑድ ዕለት ሄድኩ። ኢሳያስ አለ፤ አርጅቷል፤ ጢሙም አለ። «የጋሽ መንበሩ ልጅ ነኝ» አልኩት። በሕይወቴ ራሴን እንዲህ ብዬ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው። ፎጣ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት ሰዎች ተነሱ። አንዱ ግማሽ ጢሙ ሳሙና ነበር፤ እሱም ተነሳ። አባዬ የሚቀመጥበትን ወንበር አሳዩኝ። ኢሳያስ እርስዎንም ጠየቀኝ። «ያ ቀልደኛ ወንድሙ ደህና ነው? ምስኪን፣ መጨረሻውን እኮ አላየም። ምስሉ ሲንቀጠቀጥብን ጣራ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ይዞ ቆሞ ነበር» አለኝ።

ስለዚህ፣ የአባዬ ትልቁ አድናቂ ሆይ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ለሰው ሁሉ የተረኩት፣ በጥር ፓርቲ ሩም ሙሉ ሰው ያሰሙት መጨረሻ፣ ያላዩት መጨረሻ ነው። ፖስተርዎ ላይ ይህንንም ይጻፉበት።

እናቴ ይህን ሳታይ፣ የሳሪስን ሴት እያሰበች ሞተች። ለዚህ ከሁላችሁም ማንን እንደምጠላ ገና አልወሰንኩም፤ እርስዎ ግን ከተራው አልወጡም።

ቴፑን አልመልስም። ዴኩን ትናንት በፎጣ ጠቅልዬ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ወስጃለሁ። መጨረሻውን ማየት ከፈለጉ ማሽኑ እኔ ጋ ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለውም።

ሩሃማ


ቶሮንቶ
ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሩሃማ፣

ኢሳያስ ከምላጩ ምላሱ እንደሚስል ስለማውቅ አላዘንኩበትም። ደህና መሆኑን ስላወቅሁ ደስ ብሎኛል።

ጣራው ላይ ነበርኩ። ከቆርቆሮው በታች ማንኳኳቱን ሰማሁ። ቀጥሎ ሱቁ ጸጥ አለ፤ የኢሳያስ መቀስ ሳይቀር። ያን ያህል ሰው አንድ ላይ ዝም የሚያሰኝ ምን ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ። በር ቢከፈት ነው እንጂ፣ ሌላ ምን ይሆናል? ከዚያ ወርጄ ስገባ ሁሉም ቆመዋል፤ አባትሽ ተቀምጦ ጫማውን ያያል። ማንን ልጠይቅ? በሩን እኔው ከፈትኩት። እስካሁን ስከፍተው ነው የኖርኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ሰዎቹን መልሼ ጠራኋቸው። የምሥራች እንደዛትሽው ቪዲዮ ልትቀርጽ ስልኳን ደቅና ፊት ለፊት ተቀመጠች። አንቺ እንደጻፍሽው ተረክሁላቸው፤ መቀርቀሪያውን፣ ዝናቡን፣ ድስቱን። «ትንሽ ወደ ግራ ይገፋዋል» የሚለው ጋ ስደርስ ኩልሱም ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ሀሴት ለምን ይቅርታ እንደማይል ሁለተኛ አልጠየቀችም። የምሥራች መቅረጹን እንደረሳችው የነገረችኝ በኋላ ነው። ከእኔ ትረካ ይሻላል፤ ይህን ለማመን ሳምንት ፈጅቶብኛል። ፖስተሩን አንስቻለሁ። ስላዘዝሽኝ እንዳይመስልሽ፤ በዚያ ፎቶ ላይ ጣቱን ቀስሯል፣ እኔ ግን አሁን ቁጢጥ ብሎ ነው የሚታየኝ።

ቴፑ የእኔ ነው። የተሰጠው ለእኔ ነው፤ አልተውኩልሽም፤ ስመጣ በዚህ ላይ እንጣላለን።

ሰኔ ላይ ትኬት ቆርጫለሁ። ብሎክ ማድረጊያ የሌለው ሌላው ነገር በር ነው። አንኳክቼ እቆማለሁ፤ ክፈቺ አልልሽም። ከዛሬ ጀምሮ ፀጉሬን አልቆረጥም፤ ስለዚህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እያለከለከ የቆመ ጎፈሬ ሽማግሌ ብታዪ አትደንግጪ። ሳሪስ ድረስ የሚወስደው ሰው አጥቶ ነው።

አጎትሽ ተሻገር